አሳታፊው ዕዳ

«አሳታፊ ልማት» ሲባል ጆሮዬ ሰለቸው። ለመሆኑ ማን ተሳተፈ? በ2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም የቦንድ ገበያ አንድ ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ወለድ ስትበደር፣ ለአበዳሪዎቹ ስጋቱን ሁሉ የሚዘረዝር ሰነድ በእንግሊዝኛ ተጽፎላቸዋል። በአማርኛ አላየሁትም። የጉሊቷን እናትማ ማን ጠይቋት! (እሷ ብትበደር «ካርታ አምጪ» ትባላለች።)

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ለአበዳሪዎቹ የድርድር ጠረጴዛ ተዘረጋ። በሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዘይት ተወደደ። እናታችን ያን ጊዜ ተሳተፈች፤ በመክፈል!

መበደር ነውር ነው አልልም፤ መንገድም መብራትም ያለ ገንዘብ አይሠራም። ነገር ግን የሚቀጥለው ውል ከመፈረሙ በፊት ከፋዩ በሚያነበው ቋንቋ ይታተም፤ ምን እንደሚሠራበት በአደባባይ እንሟገት። «ምስጢር ነው» የሚለን ባለሥልጣን ካለ፣ ዕዳውንም በምስጢር ይክፈልልን።