ሐይቅ ላይ መኪና ይነዳል!

ኧረ የመንግሥት ያለህ! ከላፍቶ ተነሥቼ፣ ቃሊቲን አልፌ፣ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ አብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ገባሁ። አሸዋማውን መንገድ ይዤ ፍላሚንጎ ለማየት ስጠጋ ጎማዬ ሰመጠ። መኪናውን የገፋልኝ እረኛ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ የቆሙበት እኮ ሐይቅ ነበር!»

ውኃው የት ገባ? አብያታን የሚመግበው ቡልቡላ ከዝዋይ ይነሣል፤ ዝዋይ ዙሪያ ደግሞ የመስኖ ፓምፕ ተደርድሯል። የሶዳ አሽ ፋብሪካው በበኩሉ ከራሱ ከሐይቁ ሲስብ ኖረ፤ ደርግ ተከለው፣ ኢሕአዴግ ወረሰው። ሐይቁ ሸሸ፣ የቀረው ውኃ ጨው በዛበት፣ ዓሣው አለቀ። ጫጩቱን ሻላ ደሴት ላይ ትቶ አብያታ ድረስ ለዓሣ ይመላለስ የነበረውን ፔሊካን ማን ያብላው?

በንጉሡ ዘመን የተከለለው 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ዛሬም በወረቀት አለ። አሸዋው ግን እየተዛቀ በመኪና ሲወጣ ኖሯል። እረኛው ላይ ጣት መቀሰር ቀላል ነው! እኛስ ላፍቶ ላይ ፎቅ ስንደረድር (የአንድ ፎቅ ጌታ ነኝና እኔንም ጨምሮ) አሸዋው ከየት መጣ ብለን እናውቃለን?

ክቡራን ባለሥልጣናት፣ የመግቢያ ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው። ምኑን ልታሳዩኝ ነበር ያስከፈላችሁኝ?