ለሁለት ሰው ስንት በርሜል?

የጓደኞቼ አዲሱ አምሮት በርሜል ነው። ውሃ የሚጠራቀምበት አይደለም፤ ሥጋ የሚሰቀልበት። ከታች ከሰል፣ ከላይ መንጠቆ፣ ከሁሉም በላይ ክዳን። ዶሮው ወይም የበጉ ጎድን ተንጠልጥሎ፣ ስቡ ከሰሉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በገዛ ጭሱ ቀስ ብሎ ይበስላል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በየጓሯቸው ሲያበስሉበት በስልክ ስናይ ከረምንና አሁን ጥያቄው “የት ይገኛል?” ሆኗል። ጠያቂዎቹ ደግሞ ቤተሰባቸው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። አንዳንዱማ ላጤ!

ሥጋ ጠልቼ አይደለም። የራቤል ልጅ ሆኖ የመንዝ በግ ጎድን የሚጠላ እስካሁን አላጋጠመኝም። ግን “የት ይገኛል?” ከማለት በፊት “የት ይቀመጣል?” መባል አለበት ባይ ነኝ። ለትንሽ ቤት የሚሆን የከሰል በርሜል በትልቅነቱም በማማሩም አይመረጥም። በሁለት ነገር ይመረጣል፦ በአየር ቀዳዳውና በሚቆምበት ቦታ።

መጀመሪያ የመጠኑን ነገር እንጨርስ። በየግቢው የምናውቀው ባለ 200 ሊትር በርሜል ወደ 58 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ወደ 88 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው። ያንን ለጥብስ ቤት ተዉለት። በርሜል የሚበላው ከሰል በሥጋው ልክ ሳይሆን በራሱ ሆድ ልክ ነው፤ አንድ ዶሮ ብትሰቅሉም ሆዱ መሞቅ አለበት። ብዙ አሜሪካኖች ራሳቸው ለቤት የሚጠቀሙት ከዚህ ያነሰውን ነው። ታዋቂው ፒት ባረል ኩከር 47 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ታናሽ ወንድሙ 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለሁለትና ለሦስት ሰው ታናሽየው ይበቃል፤ ለሁለት የተከፈለ ዶሮ በሁለት ሰዓት ገደማ ያደርሳል።

ጾመኛ ለሆናችሁ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት… ሲደማመር ለምእመኑ በዓመት 180 ቀን ያህል ይሆናል። ማለትም በርሜላችሁ ከዓመቱ ግማሹን ሥራ ፈት ነው። ለሥራ ፈት የቤቱን ግማሽ የሚያከራይ ማን ነው?

አሁን ወደ ቀዳዳው። ከሰል የሚነደው በአየር ነው፤ አየር ደግሞ ከፍ ባልን ቁጥር ይሳሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። 3,000 ሜትር በሚያልፉት የመንዝ ቦታዎች ደግሞ ሲሶ ያህሉ የለም። የፒት ባረል አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ የታችኛውን ቀዳዳ እንደ አገሩ ከፍታ ክፈቱ ይላሉ፤ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ሩቡን፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ላለ ሰው ሙሉውን። ስለዚህ ቆላ ለሚኖር ዘመድ የተመቸ በርሜል እኛ ጋ ሲመጣ ሊያንቀላፋ ይችላል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ፣ ወይም እንደ ልብ የማይከፈትና የማይዘጋ ከሆነ፣ ቀለሙ የፈለገ ቢያብረቀርቅ አትግዙት።

የሚዘጋ መሆኑ ለምን አስፈለገ? ለከሰሉ ነዋ! ክፍት ማንደጃ ላይ የነደደ ከሰል እስከ መጨረሻው ነዶ አመድ ይሆናል። ጥሩ በርሜል ግን ሥጋው እንደ ወጣ የላዩን ክዳንና የታቹን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጋችሁ ስትዘጉት እሳቱ ታፍኖ ይጠፋል፤ የተረፈው ከሰል ለሚቀጥለው እሑድ ይቆያል። ይህን የምለው ነዳጅ ከሚቆጠርበት አገር ስለመጣሁ ነው። መንዝ ውስጥ ኩበት እንደ እህል ይከመራል። የጓሳን ሣር የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲያገግም በቀኑ እየከፈተ አቆይቶታል። ወይራና ጽድ ዛሬ በብዛት የምታዩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። እዚያ ያደገ ሰው ከተማ ገብቶ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ለአንድ ዶሮ ሲነድ ሲያይ ሆዱን ይቆርጠዋል። ያ ከሰል የሆነ ቦታ የቆመ ዛፍ ነበር።

ከውጭ ማስመጣትም ግድ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ከአሮጌ በርሜልና ከላሜራ ምድጃ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። በየሰፈሩም በያጅ አለ። ስታዝዙ ግን እንዲህ በሉ፦ በርሜሉ ኬሚካል፣ ቀለም፣ ፀረ ተባይ ወይም ሬንጅ የያዘ መሆን የለበትም፤ ምን እንደያዘ ካልታወቀም ይቅር። ውስጡ ቀለም አይቀባ። እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ አይሁን፤ በጣም ሲግል የሚወጣው ጢስ ያሳምማል። የከሰሉ ማስቀመጫ ከወለሉ ከፍ ይበል፣ አየር ከሥሩ እንዲያልፍ። ክዳኑ ግጥም ይበል። ከዚያ ሥጋ ከመሰቀሉ በፊት አንድ ጊዜ ባዶውን በደንብ ይንደድ።

ለመዓዛው ወይራ የሚያህል የለም። እናቶቻችን የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ በወይራ ሲያጥኑ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደረቅ የወይራ ስንጣሪ፣ ጣት የምታህል፣ ትበቃለች። ባሕር ዛፍና ጽድ ግን አታስገቡ፤ ሥጋው መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ጣዕምና ስለ ገንዘብ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ሕይወት ነው።

ብዙዎቻችን “ከሰሉ ከቀላና ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም” ስንባል ነው ያደግነው። ስህተት ነው! የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የቀላ ከሰል አብዝቶ ያወጣዋል፤ ደም ውስጥ ገብቶም የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ… ተኝቶ ያለው ሰው ደግሞ ራስ ምታቱንም ሳይሰማ ይሄዳል። ደጋ ላይ፣ አየሩ አስቀድሞ በሳሳበት፣ አደጋው ይብሳል። ብርዱ በጠና ቁጥር ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ያደሩ ሰዎች መሞታቸውን በዜና ሰምተናል፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል።

በርሜሉ የራሱ ወጥመድ አለው። ውጭ ታበስላላችሁ፣ በልታችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ክዳኑን ትዘጋላችሁ፤ ከዚያ ዝናብ ይመጣል። “ተዘግቷል፣ ጠፍቷል፣ ቤቱንም ያሞቅልናል” ብሎ ወደ ውስጥ መጎተት ቀላል ነው። የተዘጋ በርሜል ግን ወዲያው አይጠፋም፤ ለሰዓታት በየስንጥቁ ያንኑ መርዝ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ዝናብ ቢወርድ፣ በረዶ ቢወርድ፣ ሌባ ያሰጋል ቢባል እንኳ ዕለቱን ቤት አይግባ። ደጅ የሚያድርበት ቦታ ከሌላችሁ በርሜል የሚሆን ቤት የላችሁም ማለት ነው። የኮንዶሚኒየም በረንዳም ደጅ አይደለም፤ ከኋላችሁ ያለው የመኝታ ቤት መስኮት ነው፣ ከበላያችሁም የጎረቤት ልጅ አለ።

“ታዲያ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ሥጋ አይብላ?” ትሉኝ ይሆናል። ይብላ እንጂ! ግን መፍትሔውን ከአሜሪካ ጓሮ ለምን እናመጣለን? ለበዓል በሬ ስንገዛ ብቻችንን አንገዛም፤ ቅርጫ እንገባለን። በርሜሉም ቅርጫ ይግባ። ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ካለ አንድ በርሜል ለአምስት፤ ኮንዶሚኒየም ከሆነም ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው ኮሚናል አለ፣ ኮሚቴውን አስፈቅዶ ከፊት ለፊቱ ማቆም ይቻላል። ያን ጊዜ ባለ 47 ሳንቲ ሜትሩም ትርፍ አይሆንም፤ በአንድ ከሰል የአምስት ቤት ሥጋ ይበስልበታልና። ደግሞስ እውነቱን እንነጋገር፣ ጎድን ተሰቅሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሸት ጎረቤት ሳይጠሩ መብላት ይቻላል? የኛ ሰው “ለብቻ የበላ ለብቻ ይሞታል” ይላል፤ በር ዘግቶ ከከሰል ጋር ላደረ ሰው ተረቱ ከተረትም ያልፋል።

እኔ ብመርጥ እንዲህ እመርጣለሁ፦ ደጅና አብሮኝ የሚገዛ ጎረቤት ካለኝ፣ ቀዳዳው ወለል ብሎ የሚከፈት፣ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ በርሜል አሠራለሁ። ደጅ ከሌለኝ ግን ሥጋዬን በኤሌክትሪክ ምድጃ እጠብሳለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ላቀች ምድጃዬን በረንዳ ሳይሆን ግቢ አውጥቼ አቀጣጥላለሁ። እናንተስ? በዚህ ሳምንት ከግቢያችሁ ሰው አንዱን ጠይቁትና መልሱን ንገሩኝ።