ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት



ይህን የምጽፈው በላፕቶፓቸው ነሺዳ፣ መንዙማ ወይም ዳዕዋ ለሚቀርጹና ለሚያስተካክሉ ወንድሞችና እህቶች ነው። ሌሎቻችሁም ብታነቡት አይጎዳችሁም፤ ኮምፒውተር ቤት የምትሄዱበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ከራሴ ስህተት ልጀምር። በሰፈራችን የነበሩ አንድ አባት፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በየሐድራው ያሰሙት የነበረ መንዙማ በ14 ካሴት ቀርቶ ነበር። ልጃቸው "ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር አስገባልኝ" ብሎ በአማና ሰጠኝ። ካሴት መቼም ታውቁታላችሁ። ሽሽታው አለ፣ የቴፑ ሞተር ጉምጉምታ አለ፣ ድቤው ደግሞ ድምፁን ይውጠዋል። ሁለት ወር ማታ ማታ እየተቀመጥኩ ሽሽታውን የሚቀንስ፣ ጉምጉምታውን የሚቆርጥ፣ የእሳቸውን ድምፅ ከድቤው ፊት የሚያወጣ ቅንብር አገኘሁ። ልጃቸው መጥቶ በጆሮ ማዳመጫ ሰማና "አጠገቤ የተቀመጡ ነው የሚመስለው" ብሎ ዝም አለ። 8ቱን ካሴት በዚያ ቅንብር ጨረስኩ።

ከዚያ ላፕቶፑ ይንቀራፈፍ ጀመር፤ ፎርማት ይደረግልኝ ብዬ ወሰድኩት። ባለሙያው በአግባቡ ጠይቆኛል፤ "ዲ ላይ ያለው አይነካም፣ ሲ ላይ የምትፈልገው ነገር አለ?" አለኝ። "የለም፣ ድምፆቹ ሁሉ ዲ ላይ ናቸው" አልኩት። እውነትም ድምፆቹ ዲ ላይ ነበሩ። ቅንብሩ ግን ሲ ላይ ነበር። የፕሮጀክት ፋይሎቹም ዴስክቶፕ ላይ ነበሩ፤ ዴስክቶፕ ራሱ ሲ ውስጥ መሆኑን አላሰብኩም። የቀሩትን 6 ካሴቶች ደጋግሜ ሞከርኳቸው፣ ከ8ቱ ጋር አልመሳሰል አሉ። ልጃቸው ምንም አላለኝም። ግን የሚያዳምጠው የመጀመሪያዎቹን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ፕሪሴት ምን እንደሆነ ስለማናስተውል ይመስለኛል። ፕሪሴት ድምፅ አይደለም። በኢኪው፣ በኮምፕረሰር ወይም በሪቨርቡ ላይ ያሉት ቁልፎች የት የት እንደቆሙ የሚመዘግብ ትንሽ ፋይል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎባይት አይበልጥም። የሁለት ወር ድካም ከአንድ የቴሌግራም ፎቶ ያነሰ ቦታ ይይዛል ማለት ነው፤ ስለዚህ "ፍላሼ ሞልቷል" የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

ችግሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እያንዳንዱ ፕለጊን የራሱ ጎጆ አለው። ፋብፊልተር ዊንዶውስ ላይ ዶክመንትስ ውስጥ በራሱ ስም ፎልደር ይከፍታል። ቪኤስቲ 3 የሚባሉት ፕለጊኖች የጋራ ቦታቸው እዚያው ዶክመንትስ ውስጥ "ቪኤስቲ 3 ፕሪሴትስ" የሚለው ፎልደር ነው፤ ሁሉም ግን አይጠቀሙበትም። ኤፍኤል ስቱዲዮም የተጠቃሚውን ነገር ዶክመንትስ ውስጥ "ኢሜጅ ላይን" በሚለው ፎልደር ያስቀምጣል። እነዚህ ቢያንስ ይታያሉ። የማይታዩት ናቸው የሚጎዱት። በነፃ የሚሰጠው ቫልሃላ ሱፐርማሲቭ ፕሪሴቱን የሚያስቀምጠው "አፕዳታ" በሚባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያ ለመግባት የዊንዶውስንና የአርን ቁልፍ አብራችሁ ተጫኑና "አፕዳታ" የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ በሁለት የፐርሰንት ምልክት መሀል ጻፉ። ማክ ያላችሁ፣ አብዛኛው የሚገኘው ላይብረሪ ውስጥ፣ ኦዲዮ፣ ከዚያ ፕሪሴትስ በሚለው ነው። የራሳችሁ ላይብረሪ ግን ከ2011 ወዲህ ድብቅ ስለሆነ ኦፕሽን ቁልፍን ይዛችሁ "ጎ" የሚለውን ሜኑ ክፈቱ።

ሪፐር ለምትጠቀሙ ነገሩ ይቀላል። ፕሪፈረንስ ውስጥ፣ ጄኔራል በሚለው ገጽ፣ ኤክስፖርት ኮንፊጉሬሽን የሚል አለ፤ የመረጣችሁትን ሁሉ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ይሰጣችኋል። ይህን ያወቅኩት ከፎርማቱ በኋላ ነው።

አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ፕለጊኑ ራሱ ቀድሞ መጫን አለበት፤ ቢቻል በዚያው ቨርዥን። ከዚያ ፎልደሩን በነበረበት ቦታ መመለስ ነው። በቪኤስቲ 2 የተቀመጠ በቪኤስቲ 3 ሁልጊዜ አይከፈትም፤ በአዲሱ ቨርዥን የተሠራም በአሮጌው ሊያስቸግር ይችላል። ላይሰንሱም ከፕሪሴቱ ጋር አይሄድም፣ እሱን ለብቻው ማንቃት ነው። እዚህ ላይ ክራክ የምንጭን ሰዎች የሰው ሐቅ መሆኑን ለጊዜው ትተን ስናየው እንኳ፣ ያንኑ ቨርዥን መልሶ ማግኘት ራሱ ራስ ምታት ነው። በነፃ ሊሞከርና በአቅም ሊገዛ የሚችል አለ፤ ሪፐር 60 ቀን ያስሞክራል።

ፕሪሴቱ ጠፍቶ የፕሮጀክት ፋይሉ ከተረፈ ግን ተስፋ አትቁረጡ። ፕሮጀክቱ የፕለጊኑን አቋም አብሮ ይይዛል። ፕለጊኑ በተጫነበት ኮምፒውተር ክፈቱትና እዚያው ፕሪሴት አድርጋችሁ ሴቭ በሉት።

"ጆሮ ያለው ሰው ፕሪሴት ምን ያደርግለታል?" የሚሉ ወንድሞች አሉ። ለአዲስ ድምፅ እውነታቸውን ነው፤ የአንዱን ሙንሺድ ቅንብር ሌላው ላይ መገልበጥ ድምፅ ማበላሸት ነው። በተለይ ያለ መሣሪያ በሚሠራ ነሺዳ ሁሉ ነገር ድምፅ ስለሆነ ስህተቱ ይጎላል። የአንድ ሰውን 14 ካሴት አንድ ወጥ አድርጎ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ጆሮ ይደክማል፤ የዛሬ ማታ ጆሮ የትናንቱ አይደለም።

አሁን ደግሞ ልነግራችሁ ያፈርኩበትን ልንገራችሁ። ከፎርማቱ ሦስት ሳምንት በፊት አንድ ወንድም ያንን ቅንብር እንድልክለት ጠይቆኝ ነበር። እሱም የአያቱ ካሴቶች ነበሩት። "እልክልሃለሁ ኢንሻአላህ" አልኩትና አልላክኩም። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ወር የለፋሁበትን እንዲህ በነፃ መስጠት ከብዶኝ ነበር። ብልክለት ኖሮ ዛሬ በእሱ ኮምፒውተርም በቴሌግራማችንም ይኖር ነበር። በየስቱዲዮአችን ያለው ይህ መደበቅ የጠቀመውን ሰው እስካሁን አላየሁም። የሚደበቀው ነገር የጥቂት ቁልፎች አቋም ነው፤ ሌላው ሰው ቢያገኘውም የእናንተን ድምፅ አይወስድባችሁም። በድካማችሁ ዋጋ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ መብታችሁ ነው። እኔ ግን ዋጋም አልጠየቅኩም፣ ዝም ብዬ ያዝኩት።

6ቱን ካሴቶች ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እንደገና ይዣቸዋለሁ። እስካሁን የደረስኩበትን ቅንብር ለዚያ ወንድም ትናንት ማታ ልኬለታለሁ።