የጠጠር ምስክርነት

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሊነጋ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው የምድር ነውጥ እስከ አዲስ አበባ ልደታ ዘልቆ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቻችንን ባወዛወዘ ጊዜ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ሕፃናቱን አቅፈንና አረጋውያኑን ደግፈን ደረጃውን ወርደን ከግቢው ተሰበሰብን። በዚያች ሰዓት ሁሉም ዓይኑን ያነሣው ወደ ግድግዳውና ወደ ጣሪያው ነበር እንጂ ወደ እግሩ ሥር የተመለከተ አንድ ሰው እንኳ አላየሁም፤ እኔም እንደ ሌላው ሁሉ ሽቅብ ሳንጋጥጥ ቆየሁ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ግን ከኅሊናዬ ያልወጣ ጥያቄ አለ፤ ይህ ሁሉ ሕንፃ የቆመበት ምድር ጽኑዕ ነው የተባለው በማን ምስክርነት ነው?

ነውጡ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በነሐሴ ወር 1898 ዓ.ም. በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ የተነሣው ነውጥ ገና በመቆርቆር ላይ የነበረችውን አዲስ አበባን አስደንግጧል፤ በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራቆሬ የደረሰው መጀቴን አፍርሷል፤ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ መጠኑ 6 የሆነ ነውጥ ከዚያው ከአዋሽ በኩል ተከትሏል። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቁመው የዚህን ምድር መናወጥ በትጋት መዝግበው ስላስረከቡን፣ ከእንግዲህ አላወቅንም ማለት አይቻለንም።

ነውጥ ከሚያመጣቸው መከራዎች ብዙ ያልተነገረለት ምድር ወደ ፈሳሽነት መለወጧ ነው። ይህን ለመረዳት እስከ እህል በረንዳ መሄድ ይበቃል፤ ጤፍ የሚሰፍር ሰው ቁናውን ነቅነቅ ሲያደርገው እህሉ ተጠቅጥቆ ላዩ ይጎድላል። ልል አፈርም ሲናወጥ እንደዚሁ ሊጠቀጠቅ ይሻል፤ ነገር ግን በቅንጣቶቹ መካከል ውኃ ሞልቶ፣ ውኃውም መውጫ በር ካጣ፣ ቀድሞ ቅንጣት በቅንጣት ላይ ተደግፎ ይሸከመው የነበረውን ክብደት ውኃው ይረከባል፤ ቅንጣቶቹ መያያዛቸውን ትተው ይዋልላሉ፤ ምድርም ለጥቂት ጊዜ ምድርነቷን ታጣለች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በጃፓን ኒጋታ ከተማ የመኖሪያ ሕንፃዎች አካላቸው ብዙ ሳይጎዳ በጎናቸው የተጋደሙት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ መከራ የአሸዋ ብቻ እንደሆነ፣ ጠጠር ግን ውኃን ፈጥኖ ስለሚያሳልፍ ከዚህ ነጻ እንደሆነ ለብዙ ዘመን ይታመን ነበር። በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 በጣሊያን ፍሪዩሊ፣ በ1983 በአሜሪካ አይዳሆ፣ በ2008 በቻይና ዌንቹዋን፣ በ2016 በኒውዚላንድ ዌሊንግተን ወደብ ጠጠራማ መሬት ወደ ፈሳሽነት ሲለወጥ ግን እምነቱ ፈረሰ። ጠጠር ለብቻው የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነውና፤ አሸዋ ተቀላቅሎበት፣ ከላዩም ሸክላ ተደርቦ እንደሆነ የውኃው መውጫ ይዘጋል። ሆኖም የግንባታ ሕጋችን የተቀዳበት የአውሮፓው ሕግ እንዲመረመር በስም የጠራው ልል አሸዋን ነው፤ በእኛም ዘንድ ቁፋሮው ጠጠር ላይ ሲደርስ የብዙ ባለቤትና የብዙ ባለሙያ ልብ ያርፋል።

ልደታ ሲባል ለአዲስ አበባ ሰው ቤተ ክርስቲያኗና ፍርድ ቤቱ በአንድነት ይታሰቡታል። የኦሪት ሕግ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ እንዳይፈረድ አዝዟል፤ እኛ ግን በጠጠራማ መሬት ላይ የምንፈርደው በአንድ ምስክር፣ ያውም ሊያስት በሚችል ምስክር ነው። በተለመደው ምርመራ 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየወደቀ ቧንቧውን ወደ አፈር ያስገባል፤ ብዙ ምት የጠየቀ መሬት ጽኑዕ ይባላል። ነገር ግን የቧንቧው አፍ 35 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ የሚተልቅ ድንጋይ ሲገጥመው ይዘጋል፤ ቁጥሩም ያሻቅባል። መዶሻው የመታው አንድን ድንጋይ ሆኖ ሳለ ዘገባው ስለ መላው ምድር ይመሰክራል፤ በዙሪያው ያለው ልል አፈርም ሳይጠየቅ ይቀራል።

ሌሎች ምስክሮች አሉ። ቻይናውያን 120 ኪሎ መዶሻ ከአንድ ሜትር ከፍታ እየጣሉ፣ ዲያሜትሩ 74 ሚሊ ሜትር በሆነ ሾጣጣ ብረት ጠጠሩን ይፈትናሉ። ሞገድ በምድር ውስጥ የሚጓዝበትን ፍጥነት መለካትም ይቻላል፤ ይህ በድንጋይ ትልቅነት አይታለልም፤ ስስ ልል ንብርብር ግን ሊሰወርበት ስለሚችል እርሱም ለብቻው አይበቃም። የሁለቱ ምስክርነት ሲስማማ ያን ጊዜ ፍርድ ይሰጥ።

ሕዝቡን በከንቱ ማስፈራት አልሻም። አብዛኛው የከተማችን ከፍታ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ከእርሱ የተገኘ ሸክላ ነውና የዚህ መከራ ስጋት በሁሉ ቦታ እኩል አይደለም። ልንጠነቀቅ የሚገባን ወንዞች ደለል ባስቀመጡበት፣ የሰው እጅም ድንጋይና ፍርስራሽ ደፍቶ ሜዳ ባደረገው የወንዝ ዳርቻ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ለነውጡ ምንጭ በቀረቡት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነው። የበሰቃ ሐይቅ ለዐሥርተ ዓመታት እየሰፋ በሄደበት በመተሐራ፣ በፈንታሌ ግርጌ፣ ውኃው ወደ ላይ እየቀረበ የመጣበትን መሬት በትናንቱ ዘገባ ብቻ ማመን አይገባም።

ስለዚህ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጡ አካላትን በአክብሮት የምለምነው ይህን ነው፦ ሕጋችን ጠጠርን በስሙ ጠርቶ እንዲመረመር ይዘዝ፤ በወንዝ ዳርና በተደፋ መሬት ላይ ቧንቧው አልገባም ባለ ጊዜ ዘገባው በዚያ እንዳይዘጋ ሁለተኛ ምርመራ ይታዘዝ፤ የከርሰ ምድር ውኃም በበጋ ብቻ ሳይሆን ክረምቱ በሚበረታበት በነሐሴ ይለካ። ወጪው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት ሕንፃው ሲናወጥ ልጆቻችንን አቅፈን የሸሸነው ወደ ምድር ነበር፤ ምድሪቱ ራሷ ብትከዳ ኖሮ ወዴት እንወርድ ነበር?