ለጀማሪ ተግባቢ ሕፃናት የሚዘጋጅ የሥዕል ገበታ ከቋንቋችን ይነሣ

ንግግር የሌላቸው ወይም ንግግራቸው የማይበቃቸው ሰዎች ሐሳባቸውን በእጅ ምልክት፣ በሥዕል፣ በጽሑፍ ወይም ድምፅ በሚያወጣ መሣሪያ የሚገልጹበት ስልት በልዩ ፍላጎት ትምህርት መስክ አጋዥና አማራጭ ተግባቦት ይባላል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 2 ላይ ይህንን ስልት በ«ተግባቦት» ትርጉም ውስጥ አካትቶታል፤ አንቀጽ 24 ደግሞ ተማሪዎች ስልቱን እንዲማሩ መንግሥታት ሁኔታዎችን እንዲያመቻቹ ያስገድዳል። ስለዚህ በአዲስ ቅዳም ለምትኖር፣ ሴሬብራል ፓልሲ ወይም ኦቲዝም ላለባት ሕፃን የተግባቦት ገበታ ማዘጋጀት የበጎ አድራጎት ጉዳይ አይደለም። የሚያከራክረው ገበታው ምን ይያዝ፣ ማንስ ቀድሞ ይጠቀምበት የሚለው ነው።

አስቀድሞ አንድ ፍርሃት መነሣት አለበት። ወላጆችም፣ አንዳንድ መምህራንም «ሥዕል ካስለመድነው መናገሩን ይተዋል» ይላሉ። ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት የጥናቶች ግምገማ፣ ጠንካራ ማስረጃ ከቀረበላቸው 27 ሰዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰበት አንድም አልተገኘም፤ 89 በመቶዎቹ መሻሻል ሲያሳዩ የቀሩት በነበሩበት ቆይተዋል። መሻሻሉ በአብዛኛው መጠነኛ ነበር፤ ፍርሃቱን ለማስወገድ ግን ይበቃል። «መጀመሪያ ዝግጁ ይሁን» የሚለውም ክርክር ከዚህ አይሻልም። ሌላው ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን ከማውጣቱ በፊት አንድ ዓመት ያህል ንግግር ሲዘንብበት ይኖራል፤ ገና አልደረሰም ብሎ የማያዋራው ሰው የለም።

የስልቱ ቁልፍ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። ጀማሪዋ ልጅ ገበታውን የምትማረው ሌሎች ሲጠቀሙበት በማየት ነው። እናት፣ መምህር፣ ታላቅ እኅት እየተናገሩ በዚያው ቅጽበት ሥዕሉን መጠቆም አለባቸው፤ ከልጅቱ ወዲያውኑ መልስ ሳይጠብቁ፣ ለሳምንታት። በተግባር የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ገበታው ፈተና ይሆናል፦ «ይህ ምንድን ነው? ላም የቷ ናት? አሳይኝ!» እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠያቂው የሚያውቀውን መልሶ ማስነገር እንጂ መግባባት አይደለም። ልጅቱ ላሟን በትክክል ብትጠቁም ምን ታተርፋለች? ላሟን አልፈለገቻትም።

የመጀመሪያው ቃል ምን ይሁን ቢባል የእኔ ምርጫ «እምቢ» ነው። አካሏን ሌሎች የሚያነሱት፣ የሚያለብሱት፣ የሚያጎርሱት ልጅ ከሁሉ በፊት የምትፈልገው መከልከልን ነው። እምቢታዋን የምትገልጽበት ሌላ መንገድ ከሌላት ትጮኻለች ወይም ትነክሳለች፤ እኛም «የባህርይ ችግር» ብለን እንመዘግበዋለን። ሕፃን ለታላቅ እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ነውር መቆጠሩ አይጠፋኝም። ይሁን እንጂ መናገር የሚችለው ወንድሟ በቀን ስንት ጊዜ እምቢ እንደሚል ቢቆጠር ነውሩ ለእርሷ ብቻ የተጠበቀ መሆኑ ይታያል።

ወደ ዋናው መከራከሪያዬ ልለፍ። በነጻ የሚገኙ የሥዕል ስብስቦች ሞልተዋል፤ የአራጎን ክልል መንግሥት በስፔን የሚደግፈው አራሳክ ከእነርሱ አንዱ ነው። ሥዕሎቹ ጥቅም አላቸው፤ የተቆረሰው ዳቦ በእንጀራ፣ ባለ ውሃ መጸዳጃው በግቢው ሽንት ቤት ሊተካ፣ ለአዊ ልጅ ደግሞ ፈረሱና ድንቹ ሊጨመሩ ይችላሉ። ይህ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ የገበታው አወቃቀር ነው። በስፋት የሚቀዱት ገበታዎች የተሠሩት በእንግሊዝኛ ልክ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ባለቤቱ፣ አሉታውና ግሱ ለየብቻቸው የቆሙ አጫጭር ቃላት ስለሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሣጥን ይይዛሉ። ገበታው ቃል በቃል ሲተረጎም «እኔ»፣ «አይደለም»፣ «መፈለግ» የሚሉ ሦስት ሣጥኖች እናገኛለን። እንዲህ ብሎ የሚናገር አማርኛ ተናጋሪ ግን የለም፤ የሚባለው «አልፈልግም» ነው፣ ባለቤቱም አሉታውም በአንድ ቃል ገብተው። «አትስጪኝ» ሲባልማ የምትከለከለው ሴት መሆኗ፣ ተቀባዩም ተናጋሪው መሆኑ ይጨመራል። አዊኛ ከኩሽ ቤተሰብ ቢሆንም በዚህ ረገድ ከአማርኛ አይርቅም፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ባለቤቱም በግሱ ላይ ይታያል።

ጉዳዩ የሰዋስው ንጽሕና ብቻ እንዳይመስል። እናት እየተናገረች እንድትጠቁም ካስፈለገ ገበታው እናት የምትናገረውን መምሰል አለበት። «ውሃ ልስጥሽ?» የምትል ሴት «እኔ» «መስጠት» «አንቺ» ብላ ሦስት ቦታ እንድትጠቁም ብናዝዛት በሁለተኛው ቀን ትተወዋለች፤ ብትተወው አልፈርድባትም። ስለዚህ በገበታችን ላይ «እፈልጋለሁ»፣ «አልፈልግም»፣ «ስጪኝ»፣ «ጨምሪ»፣ «በቃኝ»፣ «ተይ» የመሰሉ ሙሉ ቃላት እያንዳንዳቸው በአንድ ሣጥን ይግቡ፤ ስሞቹ በግራ፣ ግሶቹ በቀኝ ጠርዝ ይሁኑ፣ ጣትም እንደ ንግግራችን ከስም ወደ ግስ ይሂድ። በጾታና በአክብሮት የሚመጣውን ልዩነት ሥዕሉ አይሸከምም፤ መሸከምም አያስፈልገውም። ልጅቱ አያቷን እያየች «ና» የሚለውን ብትጠቁም አጠገቧ ያለው ሰው «አባባ፣ ይምጡ ትላለች» ብሎ ያነብላታል፤ እርሷም አክብሮቱን በዚያው ትሰማለች።

ከገዛ ቋንቋ መነሣት እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከመሠረቱ በኋላ ንግግር ላልጀመሩ ልጆች ያዘጋጁት የድምፅ ማስተማሪያ ዘዴ ስሙ ራሱ አቡጊዳ ነው። የእርሳቸው ዓላማ ንግግርን ማውጣት ሲሆን እዚህ የምከራከርለት ንግግር እስኪመጣ፣ ባይመጣም፣ የሚያገለግል መንገድ ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አንድ ቅሬታ ላንሣ። በመስካችን በየዓመቱ የሚጻፉት የማስተርስ ጽሑፎች አብዛኞቹ የመምህራንን አመለካከት በባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ የሚለኩ ናቸው። አመለካከቱን ለክተናል፤ ደጋግመን። በአዲስ ቅዳም፣ በዳንግላና በእንጅባራ ቤቶች ውስጥ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በአማርኛና በአዊኛ በቀን የሚናገሯቸውን ቃላት በወላጆች ፈቃድ ቀድቶ፣ ጽፎ፣ ደጋግመው የሚመጡትን መቁጠር ግን አንድ ተማሪ በአንድ ዓመት ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ገበታ ላይ ይወጣል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ጥናት ከማንም የቀረበ ነው።

የልምምዱን ሰዓት በተመለከተ ልዩ ክፍለ ጊዜ መፍጠር አያስፈልግም፤ የቡና ሥነ ሥርዓት አለልን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ያው ድርጊት በአንድ ቁጭታ ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ «ቅጂ»፣ «ጨምሪ»፣ «ያቃጥላል»፣ «ለእማማ ስጪ»፣ «በቃ» የሚሉት ቃላት በተራቸው ይመለሳሉ። ጀማሪ ተማሪ የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ አስቀድሞ የሚታወቅ ድግግሞሽ ነው። እናት በአቦል ትጠቁማለች፣ በቶና ትጠቁምና ትንሽ ትጠብቃለች፣ በረካ ላይ ፈንዲሻውን አጠገቧ አስቀምጣ ዝም ትላለች። ዝምታው ይከብዳል፤ ልጇን የምትወድ እናት የሚያስፈልጋትን ሳትጠየቅ ታቀርባለችና። አሥር እስኪቆጠር መታገሥን ለእናቶች ማሠልጠን ሥዕል ከማሳተም ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፤ የሥልጠናው በጀትም በዚሁ መጠን ይታሰብ።

ገበታው ራሱ ወረቀት ቢሆን ይበቃል፤ የአዊ ክረምት ግን ረጅም ስለሆነ በላስቲክ ይሸፈን። በአንድ ፊቱ አማርኛ፣ በሌላው አዊኛ ይጻፍበት፤ የሥዕሎቹ ቦታ በሁለቱም ፊት አንድ ይሁን፤ በቤት አዊኛ ሰምታ በትምህርት ቤት አማርኛ የምትሰማ ልጅ ጣቷ የለመደውን ቦታ እንዳታጣ።