«ሚስት አግባ» ሕግ አይደለም!

ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ሳይነቀል የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ልጁስ ማን ዘንድ ይሁን?» ይባላል። ያኔ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አንዱ ቤቱ ጠቦታል፣ ሌላው ኑሮ አልሞላለትም፣ ሦስተኛዋ አራስ ናት።

ጃፓኖች ይህንኑ ነገር ካርቱን ሠርተውበታል። «ኡሳጊ ድሮፕ» ይባላል፤ ከዩሚ ኡኒታ የሥዕል ታሪክ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ2011 በቴሌቪዥን የታየ ባለ 11 ክፍል ተከታታይ ነው። ዳይኪቺ የተባለ የ30 ዓመት ወንደላጤ አያቱን ሊቀብር ሄዶ ሪን የምትባል የ6 ዓመት ልጅ ያገኛል። ለካስ ሽማግሌው በስተርጅና የወለዷት ኖራለች! በዝምድና ቢቆጠር አክስቱ መሆኗ ነው። ዘመዶቹ እንደ ዕዳ ሲገፋፉባት ይናደድና ይዟት ቤቱ ይገባል። ካርቱን የልጆች ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት፤ እኔ እዚህ ሮቤ ቁጭ ብዬ ሳየው ያገራችንን ለቅሶ ቤት ያየሁ መሰለኝ።

ለኛ እንግዳ ነገር አይደለማ! በባሌ ደጋ ኦሮሞው «ጉዲፈቻ» ብሎ የሰው ልጅ የራሱ ያደርጋል። ቃሉ ራሱ ከማሳደግ የወጣ ነው። የጉዲፈቻ ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ ይቆጠራል፤ ይወርሳልም። አማርኛም ቃሉን ወስዶ የሕግ ቃል አድርጎታል።

ወይዘሮ አበበች ጎበናንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው፣ ድርቅ ወላጅ አልባ ካደረጋቸው ሕፃናት ሁለቱን ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባል «ምረጪ» ቢሏቸው ልጆቹን መረጡ፤ ትዳሩ ቀረ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር እናቱን እንዳጣ አለቀሰ።

ታዲያ ማልቀስ ብቻውን ምን ያደርጋል? ጥር 2010 ዓ.ም. ላይ ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን አገደ። ልጆቻችን እዚሁ ይደጉ ተባለ። እሰየው! ግን እዚህ የሚያሳድገውን ማን ደገፈው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለወላድ እናት በድምሩ 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። ልጅ በጉዲፈቻ ለተቀበለ ግን በስሙ የተጻፈች አንዲት ቀን እንኳ የለችም!

ዳይኪቺ ሕፃኗን ከመዋያ በጊዜ ለማምጣት ሲል ትርፍ ሰዓት ወደማይበዛበት ክፍል ተዛወረ። እስቲ ሮቤ እያደረ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎባ የሚሠራ አንድ ብቸኛ አሳዳጊ ይህን ይጠይቅ። መልሱ የታወቀ ነው፤ «ሚስት አግባ!» ይባላል። ሴት ብትሆን ደግሞ «አባቱ የት ሄደ?» ተብላ ትገላመጣለች።

«አገሪቱ ድሃ ናት» የሚል አይጠፋም። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ አንድ ሰው ቤቱ ያስገባው ልጅ መንግሥት ማሳደጊያ የማይሠራለት፣ መንገድ ላይ የማያድር ልጅ ነው። ወጪውን የሸፈነው አሳዳጊው ነው። ባለውለታው ደግሞ መንግሥት ነው!

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አዋጁ ይሻሻልና ለጉዲፈቻ አሳዳጊ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ያገባ ይሁን ያላገባ፣ ፈቃድ ይሰጥ። በየመሥሪያ ቤቱ ሠፈርም የሕፃናት መዋያ ይከፈት፤ አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ሮቤና ጎባም ጭምር። ባህላችን ልጁን ተቀብሎታል፤ የቀረው ሕጉ ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል!