ከሰማይ ወድቆ ያልተሰበረው ስልክ

በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 ዓ.ም. ከአሜሪካዊቷ ከተማ ከፖርትላንድ የተነሣ የአላስካ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳለ የበር ቦታ የሚደፍነው ክፍል ተገንጥሎ ወደቀ። በቀዳዳው የወጣ አንድ አይፎን ስልክም ሳይሰበር፣ ባትሪውም ግማሽ ያህል ኃይል እንደያዘ በመንገድ ዳር ተገኘ።

ነገሩ ተአምር ቢመስልም ምክንያት አለው። የሚወድቅ ዕቃ በፈጠነ መጠን የአየሩ ተቃውሞ ስለሚበረታበት፣ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ወሳኙ ከፍታው ሳይሆን ማረፊያው ነው፤ ሣርና ቁጥቋጦ ቀስ አድርገው ሲያቆሙት ሲሚንቶ ግን በቅጽበት ይገታዋል።

እንግዲህ ከሰማይ የወደቀው ተረፈ ብሎ ስልኩን ከጠረጴዛ ጫፍ የሚያኖር ወጣት ይጠንቀቅ፤ የወር ደመወዙን የምታሳጣው ያች አጭር ከፍታ ልትሆን ትችላለችና።